በገቡበት በር የማይወጡት አያ አዛናው

«አያ አዛናው ሞቱ» ብሎ የነገረኝ የሆቴላችን ዘበኛ ነው። ማኪናዬን እያጠብሁ ነበር። ጨርቁ ከእጄ ወደቀና መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ገደላቸው?» የሚል ነበር።

ዘበኛው አፈጠጠብኝ። «አንተ ምን ነካህ! ሳሉ ነዋ የገደላቸው። አልጋቸው ላይ፣ የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ በሸጋ አሟሟት ነው የሞቱት።»

ሌላ ሰው ቢሰማው ተመስገን ይል ነበር። እኔ ግን የማኪናዬ መርገጫ ላይ ዘጭ አልሁ። አያ አዛናው ከዚህ ዓለም ነገር ሁሉ የሚፈሩት አልጋ ላይ መሞትን ነበር። ምክንያቱን የምናውቅ ጥቂት ሰዎች ነን። ስለዚህ ያን ጧት ያለቀስሁት ለሟቹ ብቻ አልነበረም፤ ዳባት ላይ በሬ ጠምዶ ለሚያርሰው፣ የአባቱን ሞት ገና ላልሰማው ልጃቸውም ጭምር ነበር።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ፤ ማኪና መንዳት ከተውሁም ቆየሁ። ስንቱን አመላለስሁ! ሚኒስትር ጭኛለሁ፣ ጳጳስ ጭኛለሁ፣ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ መንገዱን ሙሉ እያስመለሰው የመጣ ፈረንጅም ጭኛለሁ። የአብዛኞቹ መልክ ጠፍቶብኛል። አያ አዛናው ግን ዛሬም ጎንደር ላይ በፋሲል ግንብ አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር ከአንዱ በር ብቅ የሚሉ ይመስለኛል።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ጣሊያን ፒያሳ ላይ የሠራውን ሠርቶ ትቶልን ሄዷል፤ ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማውም፣ እኔ የምሠራበት ሆቴልም የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። አዘዞ ላይ አይሮፕላን ማረፍ ከጀመረ ወዲህ «የነገሥታቱን ከተማ እንይ» የሚል እንግዳ በዛ። እኔ ከአዘዞ አመጣለሁ፣ አያ አዛናው ያስጎበኛሉ። ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። በክረምትም በበጋም ከትከሻቸው የማይወርድ አንድ ካኪ ካፖርት ነበራቸው። ከዘራ ይይዛሉ፤ ግን አይመረኮዙበትም፣ አይጠቁሙበትም። የሚጠቁሙት በአገጫቸው ነው። አንድ በር ላይ ሲደርሱ ከዘራቸውን ደፉ ላይ ኳ ያደርጉና ቆም ብለው ያዳምጣሉ። ከዚያ ነው የሚገቡት። ፈረንጆቹ የአገር ልማድ መስሏቸው አንዳንዶቹ እንደሳቸው ደፉን በጫማቸው እየመቱ ይገባሉ። እኔም ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር፤ ምኑን አውቄ!

እንግዶቹን የሚያነጋግሩት ጣሊያንኛና እንግሊዝኛ ደባልቀው ነው። ታሪኩም እንደ እንግዳው ነው። ወታደር ከሆነ ጦርነቱን ያበዙለታል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የእቴጌይቱን ፍቅር ያበዙላቸዋል። አንድ ቀን ለአንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከግንቡ ተነሥቶ እስከ ቁስቋም የሚያደርስ የምድር ውስጥ መንገድ አለ ሲሉ ሰማኋቸው። በማግሥቱ ሌላው ቢጠይቃቸው «የለም፣ ውሸት ነው» አሉ።

«አያ አዛናው፣ ትናንት አለ አላሉም?» አልኋቸው።

«የትናንቱ ሰውዬ እኮ ዋሻ አምሮት ነው የመጣ። ምን ላድርገው? አንጀቱን ቆርጬ ልስደደው?»

እኔንና እሳቸውን የሚያጣላን ግን የበሩ ነገር ነበር። ግንቡ አሥራ ሁለት በር አለው ይባላል። በኛ ጊዜ ከፊሉ በድንጋይ ተደፍኗል፣ ከፊሉ ይከፈታል። ፊት በር ላይ አወርዳቸዋለሁ። «ዋሴ፣ እምቢልታ በር ጠብቀን» ይሉኛል። ማኪናዬን አዙሬ እምቢልታ በር እቆማለሁ። ጊዜው ያልፋል፣ ሰው የለም። ኋላ ከየት ብቅ ይበሉ? ከኳሊ በር! እንግዶቹ በፀሐይ ቀልተው፣ እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው። በሌላው ቀን ደግሞ በእልፍኝ በር ገብተው በራስ በር ይወጣሉ። ቤንዚኑስ የሆቴሉ ይሁን፤ የሚቃጠለው አንጀት ግን የኔ ነበር።

«ምነው እንዲህ ያንከራትቱኛል? በገቡበት በር ቢወጡ ምናለ?»

«በገባበት በር የሚወጣ ሰው ምኑን አየው?» ብለው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ይህችኑ ለፈረንጆቹም ይነግሯቸዋል፤ እነሱም ትልቅ ነገር የሰሙ ያህል ደስ ይላቸዋል።

ሌላም ሌላም አመል ነበራቸው። እጨጌ ቤት በሚባለው ሰፈር ቤት ሲከራዩ የጓሮ በር የሌለው ክፍል አልፈልግም ብለው ስንቱን ቤት ጥለው ሄደዋል። ፒያሳ ጠጉራቸውን ሲቆረጡ ወንበሩን ወደ በሩ ያዞሩታል፤ ጠጉር አስተካካዩ ይነጫነጫል፣ እሳቸው አይሰሙትም። ከግንቡ ፊት ያለውን የጃን ተከልን ዋርካ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በፀሐይ የሚያልፍ ሁሉ ከጥላው አረፍ ሳይል አይሄድም። አያ አዛናው ግን ከሥሩ ቆመው አያውቁም። «ግንዱ ሰፊ ነው፤ ከጀርባው ሦስት ሰው ይይዛል» ይሉ ነበር። እኔ ስለ ዛፉ ትልቅነት የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ፋሲል መዋኛ ስንሄድም እንደዚሁ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣው ውኃ ይሞላል እንጂ ሌላው ጊዜ ደረቅ ነው። ከመሐሉ ወዳለው ግንብ መግቢያው አንድ ድልድይ ብቻ ነው። እንግዶቹን እስከ ድልድዩ አፍ ያደርሱና «እናንተ ግቡ፤ እኔ ስንቴ አይቼዋለሁ» ብለው ይቀራሉ። የዛፎቹ ሥር እንደ ጅማት የአጥሩን ድንጋይ የያዘበት ቦታ አለ፤ ጀርባቸውን እሱ ላይ አስጠግተው ይቆማሉ። በሕይወታቸው ያን ድልድይ የሚሻገሩ አይመስለኝም ነበር።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቻ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ጣሪያው ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ቁልቁል ያያሉ። እንግዶቹ አንጋጠው ሲያዩ አያ አዛናው ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ምንጣፉ ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ደከመዎት?» አልኋቸው አንድ ጊዜ።

«የለም። እዚህ የሚያይልኝ ብዙ ነው» አሉኝ። እኔም እንደ ጸሎት ነገር ቆጠርሁት።

ነገሩ የገባኝ ወለቃ ላይ ነው። ወለቃ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራቸውን በመንገዱ ዳር ዘርግተው ይሸጣሉ፤ እንግዳ ከዚያ ሳይገዛ አይመለስም። ያን ቀን የጫንኋቸው ባልና ሚስት ፈረንጆች ነበሩ። ሴትዮዋ የሸክላ አንበሳ እያገላበጠች ሳለ፣ ከአርማጭሆ በኩል የመጡ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። አንደኛው ዓይኑን ማኪናዬ ላይ ተከለ።

ዞር ብል አያ አዛናው የሉም። ባይ ማኪናው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ተኝተዋል፤ ያ ረጅም ሰው ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ! ፈረንጁም አያቸው።

«ቁልፌ ከካፖርቴ ወድቃ ነው» አሉት በጣሊያንኛ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ላባቸው ግን በግንባራቸው ይወርድ ነበር።

ሰዎቹ ቆዩ ቆዩና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሁሉን ስታይ የነበረች አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ ማሰሮዋን በጨርቅ እየወለወለች፣ ወደኛ ሳትዞር «ሄደዋል አያ፤ ይነሡ» አለች። የማርያም ያለህ! ያን ጊዜ የበሩም፣ የዋርካውም፣ የድልድዩም ነገር ባንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ።

እንግዶቹን ሆቴል ካደረስሁ በኋላ አያ አዛናው አልወርድም አሉ። «ወደ ቁስቋም ንዳ» አሉኝ። ከኮረብታው ላይ፣ ከፈረሰው የእቴጌይቱ ግቢ፣ ከተማው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። አንድ የወደቀ ግድግዳ ላይ ተቀመጥን።

«ዋሴ፣ እኔ ሰው ገድያለሁ» አሉኝ።

ወደ እሳቸው ዞርሁ።

«በጣሊያን ጊዜ ታች አርማጭሆ ነበርን፤ ከሳንጃ ወዲያ፣ በዱር። ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ዋሻ አድረን፣ አንድ ጋቢ ለብሰን፣ አንድ ቁራሽ ተካፍለን ነው ያን ጊዜ ያለፍን። ለሁለት አንድ ምንሽር ማርከን ነበር። ጣሊያን ሲወጣ የኔ ነው የኔ ነው ተባባልን። ጠጅ ነበረ፣ ነገር ነበረ። በዚያው በምንሽሩ ገደልሁት።»

«እና መንግሥት?»

«አሰረኝ፣ ቅጣቴን ጨርሼ ወጣሁ። የመንግሥቱ አለቀ፤ የደሙ ግን አላለቀም። ገና እንደታሰርሁ ሽማግሌ ላክሁ፣ ቄስ ላክሁ። ሚስቱ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ሽማግሌዎቹን ደጃፏ ላይ አቁማ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ‹ልጄ ያድጋል› አለቻቸው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ወንድ ወለደች፤ ስሙን ቢያድግልኝ አለችው።»

እስኪበቃቸው ሳሉ። ያ ሳል የዋለ ያደረ እንደሆነ ያን ቀን ነው ልብ ያልሁት።

«አሁን አድጓል» አሉኝ። «እኔ ራሴን እጠብቃለሁ። በሩ የበዛ ግቢ ውስጥ ሥራ የያዝሁት ለምን ይመስልሃል? ግን ይህን ሳል ስማው። ባለደሙ ደሙን ከኔ ካላገኘው ወደ ልጄ ይሻገራል። ፈንታሁንን እናቱ ዳባት ወስዳ፣ ከዘመዶቿ መሐል ነው ያሳደገችው። ከሕፃንነቱ ወዲህ አላየኝም፤ እኔም ገበያ ሲወጣ ከሩቅ ነው የማየው። አልጋ ላይ ከሞትሁ ደሙን ለእሱ አውርሼው መሄዴ ነው። ገባህ? መሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ዋሴ። አልጋ ላይ መሞት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እኔም ሰላም አጣሁ። በሩ ላይ ከዘራቸውን ኳ ሲያደርጉ ሳቄ ቀረ፤ አብሬያቸው አዳምጥ ጀመር። ጋቢ የተከናነበ የቆላ ሰው ባየሁ ቁጥር ጠመንጃ ይዞ እንደሆነ አያለሁ። ወዲያ ወዲህ ስላዞሩኝም አፌን ከፍቼ አላጉረመረምሁም፤ እንዲያውም እኔው ራሴ «ዛሬ በራስ በር ይሻላል» እል ነበር።

አንድ ማለዳ ፊታቸውን ተላጭተው፣ ካፖርታቸውን አጥበው መጡ። «ጠርቼዋለሁ» አሉኝ።

«ማንን?»

«ቢያድግልኝን። ሳንጃ ገበያ ሰው ልኬ፣ አባትህን የገደለው ሰው ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ አለ፤ ና ከተማውን ላሳይህ ብሎሃል በሉት ብያለሁ። እመጣለሁ ብሏል።»

«አብደዋል እንዴ አያ አዛናው!»

«ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር የምትመልሳቸው እናቱ ናት። እሱ እኔን አይቶኝ አያውቅም። የሚተኩስበትን ሰው ፊቱን ይይ፣ ድምፁን ይስማ። ከዚያ የፈለገውን ያድርግ። እኔን ከገደለኝም ልጄ ይተርፋል።»

ልለምናቸው ሞከርሁ፤ እንኳን ሊሰሙኝ ዞረውም አላዩኝ፤ ከማኪናው ላይ አቧራ ያራግፋሉ።

መጣ። ጃን ተከል ላይ ቆሞ አገኘነው። ጠጉሩ የጎፈረ፣ ፂሙ ገና ሙሉ በሙሉ ያልወጣ፣ እግሩን አቧራ ያለበሰው ጎበዝ ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። ሰላምታ አልሰጠም።

«አንተ ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ አዛናው። «ግባ። ከቁስቋም እንጀምራለን።»

ከኋላ ተቀመጠ፤ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል አቆመው። አያ አዛናው ከጎኔ፣ ጀርባቸውን ለእሱ ሰጥተው። ስንት ዓመት የነዳሁት መንገድ ያን ቀን ጠፋብኝ፤ መሪው በላብ እየሾለከ ያስቸግረኝ ነበር።

ቁስቋም ላይ የእቴጌይቱን ታሪክ ነገሩት። አንድ ውሸት አልጨመሩበትም፤ እኔ ምስክር ነኝ። እሱ በፍርስራሹ መሐል እየተዘዋወረ ያያል።

«ይህን ሁሉ ሠርተው የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሞቱ» አሉ አያ አዛናው።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

በፒያሳ አቋርጠን ሥላሴ ሄድን። በሩ ላይ ያሉት ቄስ «መሣሪያ ይዘህ አትገባም፤ እዚህ አስቀምጥ» አሉት። አላስቀምጥም አለ። «ይህ ከእጄ አይለይም» ብሎ ደፉ ላይ ቆመና ከዚያው አንጋጦ መላእክቱን አየ። አያ አዛናው እንደ ልማዳቸው ገብተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከእሱ እስከ እሳቸው ድንጋይ ብትወረውር የሚደርስበት ነው። ሥላሴ፣ ሥላሴ፣ ሥላሴ እያልሁ ቆምሁ። ቢያድግልኝ አንዴ ጣሪያውን፣ አንዴ የሳቸውን ጀርባ ያያል።

ከዚያ መዋኛው። አያ አዛናው ድልድዩ አፍ ላይ የሚቀሩ መስሎኝ ነበር። አልቀሩም። ፊት ፊት እየመሩት ተሻገሩ፤ ግንቡ ውስጥም ተያይዘው ገቡ። እኔ እሳቸው ሁልጊዜ የሚቆሙበት ሥሩ ዘንድ ጀርባዬን አስጠግቼ የተኩስ ድምፅ ጠበቅሁ። አልተሰማም። ሲመለሱ ድልድዩ መሐል ቆሙ።

«ጥልቅ ነው?» አለ ልጁ፣ ደረቁን ገንዳ እያየ።

«ለጥምቀት ሲሞላ ሰው ያሰጥማል።»

«እናቴ ጥምቀትን እዚህ አይታለች አሉ። ከአባቴ ጋር፣ በሙሽርነቷ።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ አዛናው። «አብሬያቸው ነበርሁ። እኔ ነኝ ሚዜው።»

ልጁ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው።

መጨረሻ ግንቡ ነው። በተዝካሮ በር ገባን። አያ አዛናው ከዘራቸውን ኳ አላደረጉም፣ አላዳመጡም። አዳራሹንም፣ የፈረሱትን ቤቶችም አሳዩት። እንግዳ ከዚያ ግቢ ጠጠር እንኳ ቢያነሣ «ከቦታው መልስ!» ብለው የሚቆጡት ሰው፣ ከአንድ የፈረሰ ግድግዳ ላይ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው በማጅራታቸው ተሸከሙ። በሩ አጠገብ፣ በልጁ እግር ፊት ተንበረከኩ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ ባለደሙ ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያነሣለታል። ይህ የሚሆነው ግን ሽማግሌና ቄስ ባሉበት ነው። አያ አዛናው ብቻቸውን አደረጉት።

«ስለ ሥላሴ ብለህ ማረኝ» አሉ። «ካልማርኸኝም እኔን ግደለኝና ልጄን ተወው።»

ቢያድግልኝ ቆመ። እጁ ጠመንጃው ማንገቻ ላይ ነው።

«ክፉ መልክ ያለህ ነበር የሚመስለኝ» አለ በመጨረሻ። «እናቴን ሳልጠይቅ አላነሣውም።» ብሎ ዞረና በዚያው በር ወጣ።

እሳቸው እንደተደፉ ቀሩ። ሮጬ ድንጋዩን ላነሣላቸው ብል «አትንካ!» ብለው ጮኹብኝ። «አንተ አይደለህም የምታነሣው።» ራሳቸው ቀስ ብለው ከበሩ ሥር አወረዱት፤ አንገታቸው ደም አዝሎ ነበር። አንጀቴን በሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አያ አዛናው በተዝካሮ በር ብቻ ይገባሉ፣ በተዝካሮ በር ብቻ ይወጣሉ። ሥራዬ ቀለለ፤ እኔ ግን ያን መንከራተት ናፈቅሁት። ድንጋዩ እዚያው በሩ ሥር ነው። እንግዶች ምንድን ነው ሲሏቸው «የሚያነሣውን ይጠብቃል» ይላሉ። ሳንጃ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ ወሬ የለም። ሳሉ እየባሰ ሄደ። ካፖርቱ ሰፋባቸው፣ ኋላም ከአልጋ ዋሉ።

ልጠይቃቸው ስሄድ ክፍሉ ውስጥ የጓሮው በር ተቀርቅሯል፤ ዕቃ ተደግፎበታል። አልጋቸው ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞሯል።

«ቃሬዛዬ ላይ ድንጋዩን ጫኑልኝ» አሉኝ። «ቢያድግልኝ በቁሜ ካላነሣው ሬሳዬ ላይ ያንሣው። ለነፍስ አባቴም ተናዝዣለሁ።»

«ባይመጣስ?»

«ከኔ ጋር ቅበሩት። ብቻ ፈንታሁንን አደራ፣ ለቀብሬ እንዳይመጣ። ሰዎቹ እዚያ ካገኙት...» አልጨረሱትም። እጄን እንደያዙ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ።

እንግዲህ ያ ዘበኛ ሞቱ ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። የነፍስ አባታቸው ሳንጃ ሰው ስለላኩ ቀብሩን ለማግሥቱ አቆዩት። ለፈንታሁን የላከ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የጭነት ማኪና ሹፌሮች ወሬውን ዳባት አድርሰውት ኖሮ፣ በማግሥቱ ለቅሶው ላይ አንድ ረጅም ከሲታ ወጣት ገብቶ ቃሬዛው ራስጌ ቆመ። ማነው ብዬ አልጠየቅሁም። ቁመቱ ራሱ ይናገራል። «ተመለስ፣ ወንድሜ፣ አባትህ እንዳትመጣ ብለዋል» አልሁት። «አባቴን በቁሙ አላቀፍሁት፤ ቀብሩንም ልከልከል?» አለኝ።

ድንጋዩን ቃሬዛው ላይ ስንጭን ሰው አጉረመረመ። «ሬሳ ላይ ድንጋይ! ምን ያለ ነውር ነው?» ተባለ። «የሟቹ ቃል ነው» አሉ የነፍስ አባታቸው። ተሸክመን ወደ ግምጃ ቤት ማርያም ጉዞ ጀመርን።

ጃን ተከል ስንደርስ ከዋርካው ግንድ ጀርባ ሁለት ሰዎች ወጡ። ቢያድግልኝ ነው፤ ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ከፊቱ ጥቁር የለበሰች አሮጊት። ቃሬዛውን መሬት አወረድነው። ፈንታሁን ከራስጌው አልተነቃነቀም።

ሴትዮዋ ቀርባ ሬሳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አዛናው፣ መጣሁ» አለች። «ልጄ አድጓል።»

ቢያድግልኝ ፈንታሁን ላይ አፍጥጧል፤ ፈንታሁንም እሱ ላይ። ሴትዮዋ ጎንበስ አለችና ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች።

«ይቅር ለእግዜር» አለች። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ የባሌ ሚዜ።»

አነሣችው። ከበዳት፤ ሆዷ ላይ ታቅፋው ተንገዳገደች። ልጇ ሊያግዛት ቢል «ተው!» አለችው። «ከየት ነው ያነሣው?»

«ከግንቡ ነው፣ እናቴ» አልሁ እኔ።

«ወደ ቦታው ይመለስ። አንተም፣ አንተም» አለች፣ ሁለቱን ወጣቶች በዓይኗ እየጠራች፤ «ይዛችሁት ሂዱ።»

ቢያድግልኝ ድንጋዩን ተቀበላት። ጠመንጃውን ግን አልተወም። ይቅር የሚለውም ቃል ከእሱ አፍ አልወጣም፤ ሰው ሁሉ ልብ ብሎታል። ለቀስተኛው ሬሳውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀጠለ። እኔ ሁለቱን እስከ ተዝካሮ በር አደረስኋቸውና የፈረሰውን ግድግዳ ከሩቅ አሳየኋቸው። አንዱ ድንጋይ ታቅፎ፣ ጠመንጃው ክንዱ ላይ እየተንሸራተተ፤ ሌላው ባዶ እጁን፤ ጎን ለጎን ገብተው ከግድግዳው ጀርባ ተሰወሩ።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ጸሎቱ ከወዲያ ማዶ ይሰማኛል፤ ከወዲህ ምንም የለም። ለምን ጠመንጃውን አልቀማሁትም? ለምን ሴትዮዋ አብራ አልሄደችም? ዘገዩ። ድንጋይ ማስቀመጥ ይህን ያህል አይፈጅም።

ከዚያ ፈንታሁን ብቅ አለ፤ ብቻውን። ጠመንጃው በእሱ ትከሻ ላይ ነው።

«ምን አደረግህ? ወይኔ፣ ምን አደረግህ!» ብዬ ራሴን ያዝሁ።

እሱ ግራ ተጋብቶ አየኝ። ከጀርባው ቢያድግልኝ የእጁን አቧራ በጋቢው እየጠረገ ወጣ።

«ቦታው ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለኝ። «ያዝልኝ ብዬው ነው።»

መልሶ አልተቀበለውም። ሦስታችን ወደ ግምጃ ቤት ማርያም ሄድን፤ እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ ጠመንጃውን የተሸከመው ፈንታሁን ነበር።